የአንድ ሰዓት መንገድ

ባለፈው ወር የአንዲት የድሮ ተማሪዬ ሠርግ ጎንደር ነበርና ትኬት ልቆርጥ ጉርድ ሾላ ወረድኩ። ከአያት ሰፈር በባቡር መጥቼ፣ አስፋልቱን ተሻግሬ፣ ፎቅ ላይ ካለች ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ገባሁ። ተራዬ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠችው ልጅ፣ ሃያ አምስት እንኳ የማይሞላት ጨዋ ልጅ ናት፣ ከዚህ በፊት ጎንደር በምን እሄድ እንደነበር ጠየቀችኝ። በመኪና ነው አልኳት። ሳቀች።

«ኧረ ማዘር፣ በመኪናማ ይደክምዎታል! ሰባት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር እኮ ነው። በፕሌን አንድ ሰዓት ነው፤ ቢበዛ ትንሽ ቢያልፍ። ዐይንዎን ጨፍነው ሲገልጡ ጎንደር ነዎት።»

«አውቃለሁ!» አልኳት።

ወረቀት ላይ ሲነበብ ተራ መልስ ይመስላል። እኔ ግን ጮኼ ነው የተናገርኩት፤ ሠላሳ ዓመት ስልሳ ስልሳ ተማሪ ጸጥ ባሰኘሁበት ድምፅ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ዞር አሉ። ልጅቷ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ይቅርታ ጠይቄያት፣ ትኬቴን ቆርጬ ወጣሁ። ባቡሩ ውስጥ ቆሜ ወደ አያት ስመለስ ግን ንዴቱ ገና አልለቀቀኝም ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ነገር እንደ ትናንት ሲያንገበግበው ሰው ራሱን ይታዘባል። እኔም ታዘብኩ። የጮኽኩት በማን ላይ እንደሆነ ግን አላጣሁትም።

አጎቴ ጋሼ ይልማ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው ይሠሩ ነበር። ቤታቸው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አውቶቡሱ ዞሮ ከሚመለስበት በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት ከሚጀምርበት ጥግ ላይ ነበር። ከጓሮ አጥሩ ቀጥሎ ባሕር ዛፍ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ግቢው ሁሉ ለጉንፋን የሚታጠነውን ቅጠል ይሸታል። ጠዋት ጠዋት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ወገባቸው እጥፍ ብሎ በደጃችን ያልፋሉ። ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ልጅ አልወለዱም። እኔን ከጎንደር ያመጡኝ አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ ነው፤ «ልጃችን ናት» ብለው። እውነቱን ለመናገር እንደ ልጅ ነው የያዙኝ። ይህን ማለት አለብኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እናቴ እኔ አራት ዓመት ሳይሞላኝ ስለሞተች እርሱ ነው ያሳደገኝ፤ ጎረቤታችን እማማ ዘውዴ እያገዙት። ስፌት መኪናውን ሲመታ እኔ እግሩ ሥር ተቀምጬ ቁርጥራጭ ጨርቅ እሰበስባለሁ። የልብሴ ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ሰፊ ጨርቅ አጥፎ ይተውልኝ ነበርና አንድ ዩኒፎርም ሁለት ዓመት ይበቃኛል። አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላም በመንገደኛ እጅ ድርቆሽና ቋንጣ፣ ከሥሩ ደግሞ በልኬ መስሎት የሰፋውን ቀሚስ ይልክልኛል። ቀሚሱ ሁልጊዜ ይሰፋኛል። አዲስ አበባ ሆኜ የማድግ እንጂ የምከሳ አይመስለውም ነበር።

ኮተቤ ያለው መምህራን ኮሌጅ ገብቼ የመጨረሻው ዓመት ላይ ደረስኩ። ሰኔ ነበር። ክረምቱ ቀድሞ ገብቶ፣ ከመገናኛ ኮተቤ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ብቻ ሆኖ፣ ጫማዬን በሶፍት እየጠረግኩ ነው ክፍል የምገባው። የማጠቃለያው ፈተና ሰኞ ይጀምራል። ከዚያ በፊት በነበረው ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ትንሽ ሻንጣ ይዘው ወጡ። «ናዝሬት ለሥራ ወርጄ እመጣለሁ፤ አንቺ ጥናትሽን ያዢ» አሉኝ። ግንባሬን ሳሙኝ። ቅዳሜ ተመለሱ። ደክሟቸው ነበር። ሥራ በዝቶባቸው ነው ብዬ እግራቸውን አጠብኩላቸው።

ሰኞ ፈተናው ተጀመረ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቤታችን አንድ ነገር ሆኖ ነበር፤ እኔ ግን ዐይኔ ደብተር ላይ ነበር። እትዬ ብርቄ ቡና ስትጠጣ የምትሰማውን ሬዲዮ መክፈት ተወች። ሳሎን ስገባ ጎረቤቶች ወሬ ያቆማሉ። ጋሼ በየጠዋቱ ጺማቸውን የሚላጩ ሰው፣ መላጨት ትተው ጉንጫቸው ሽበት በሽበት ሆነ።

«ጋሼ፣ ጺም ሊያሳድጉ ነው እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን እየሳቅኩ።

«ምላጭ አልቆብኝ ነው» አሉ።

እኔም በማግስቱ ከሱቅ ምላጭ ገዝቼ አመጣሁላቸው። ተቀበሉኝና አመሰገኑኝ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በመካከሉ ለአባቴ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ፈተናው እንዳልከበደኝ፣ ሐምሌ ላይ እንደምመጣ፣ መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ በዝናብ እንዳይጠብቀኝ። ፖስታውን አሽጌ፣ ቴምብር ለጥፌ ለጋሼ ሰጠኋቸው፤ ፖስታ ቤቱ ለመሥሪያ ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ሁልጊዜ እርሳቸው ናቸው የሚልኩልኝ። ኪሳቸው ከተቱት።

የመጨረሻውን ፈተና የጨረስኩት ዓርብ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቤት ስደርስ ለወሩ ብርቅ የሆነ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። እትዬ ብርቄ ገበያ ሄዳለች። ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ የቤቱን የረጠበ ልብስ ሁሉ ሰብስቤ ላሰጣ ተነሳሁ። የጋሼ ካፖርት በር ጀርባ ተንጠልጥሎ ሻጋታ ሸቶ ነበር። አጥሩ ላይ ከማስጣቴ በፊት ኪሱን ፈተሽኩ።

መጀመሪያ የወጣው የእኔ ደብዳቤ ነው። ቴምብሩ እንዳለ፣ ማኅተም ያላረፈበት። ረስተውታል ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ። ቀጥሎ የወጣው የአውሮፕላን ትኬት ጉርድ ነበር፤ ያኔ ትኬት በካርቦን የሚጻፍ ቀይ ቀለም ያለው ወረቀት ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር። ከጎንደር አዲስ አበባ። የሄዱበትን ቀን አነበብኩ፤ ረቡዕ። የተመለሱበትን አነበብኩ፤ ቅዳሜ።

ሰው እውነትን የሚያውቀው ቀስ በቀስ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ደብዳቤው፣ ትኬቱ፣ ጺማቸው፣ የእትዬ ሬዲዮ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወረዱብኝ። ካፖርቱን ጭቃው ላይ ጣልኩት። እንዳልጮኽ እጄን ነከስኩ፤ ለማን እንደምጮኽ አላውቅም ነበርና።

ጋሼ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሲገቡ እትዬ ብርቄም ተመልሳ ነበር። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ትኬቱንና ደብዳቤውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አዩት። ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት፤ እንደገና አወለቁ።

«እሑድ ልንነግርሽ ነበር» አሉ። «ዘመድ ተጠርቷል፤ በወጉ...»

«መቼ ሞተ?»

«ሙሉ ልጄ፣ ቁጭ በይ።»

«መቼ ነው የሞተው?»

«ሐሙስ። ማታ ከመሆኑ በፊት። ማክሰኞ ነው ግማሽ ጎኑን የመታው። ለእኔ መሥሪያ ቤት ደወሉልኝ።»

ማክሰኞ። እንግዲያ ጋሼ ግንባሬን ስመው ሲወጡ አባቴ በሕይወት ነበር። ይህ ሲገባኝ ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ስሙን አውቀዋለሁ። ያኔ ደረቴ ውስጥ ድንጋይ የጋለ ነው የመሰለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ» አልኳቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። እትዬ ብርቄ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጋሼ ግን ያን የሰሙም አልመሰሉ።

«ፈተናሽ ነበር። አባትሽ ያንን ወረቀት እንድትይዢ አይደለም እንዴ ሲለፋ የኖረው? ብትሄጂ ምን ታደርጊለት ነበር? ሐኪም አይደለሽ።»

«ፈተናው ሰኞ ነው የጀመረው። ቅዳሜ ተመልሰህ የለም? አብሬህ ሄጄ አብሬህ አልመለስም ነበር?»

«በሐዘን ላይ ሆነሽ ምን ልትጽፊ?»

«በረራው ስንት ሰዓት ፈጀ?»

«ምኑ?»

«አውሮፕላኑ። ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

ወደ ትኬቱ አዩ። «አንድ ሰዓት» አሉ። «ትንሽ ቢያልፍ ነው።»

«ቦታስ ነበረው?»

ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አሁንም ጠየቅኳቸው። ጋሼ ይልማ ብዙ ነገር ደብቀውኛል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን እውነቱን መለሱልኝ፤ ለዚያች ለአንዷ አከብራቸዋለሁ።

«ነበረው» አሉ። «አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።»

ከቤት ወጣሁ። እትዬ ብርቄ «ኧረ ያዙልኝ!» እያለች እስከ በር ተከተለችኝ። ቁልቁል ወደ አውቶቡሱ ብሄድ ሰው ያየኛል፤ ስለዚህ ሽቅብ ወጣሁ። የኪዳነ ምሕረትን መንገድ ይዤ፣ በባሕር ዛፉ መሐል፣ ጭቃው እያንሸራተተኝ። አላለቅስም ነበር። ዳገቱን የምወጣው እንደሚደባደብ ሰው ነበር፤ ቅርንጫፍ የመታኝን መልሼ እየመታሁ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ከላይ ትወርዳለች። በዕድሜ ከእትዬ ብርቄ ትበልጣለች። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ልለቅላት ዳር ቆምኩ። አለፈችኝና ቆመች። ሸክም ላይ ያለ ሰው አንገቱን ማዞር አይችልም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የጠየቀችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?»

«አባቴ።»

«መቼ?»

«ከነገሩኝ ገና አንድ ሰዓት አልሆነኝም» አልኳት። «እርሱ ግን ከሞተ ሁለት ሳምንት አለፈው።»

ያቺ ሴት ሸክሟን አወረደች። እንጨት የተሸከመ ሰው ዳገት መሐል ሸክሙን ካወረደ መልሶ የሚያሸክመው ሰው እንደሚያስፈልገው ፈረንሳይ ያደገ ሁሉ ያውቃል። አወረደችው። ጭቃው ላይ ተቀምጣ እጄን ሳበችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የአባቴን ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያም በስሙ እየጠራች አለቀሰችለት። አይታው ለማታውቀው ልብስ ሰፊ፣ «የልጅህን ዐይን ሳታይ!» እያለች። ያኔ እኔም ለቀቅኩት። የአባቴን ለቅሶ ከእኔ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠችው ስሟን የማላውቃት ሴት ናት። ሲመሽ እንጨቷን አሸክሜያት አብረን ወረድን።

እሑድ ጠዋት ዘመዶች እንደተባለው መጡ። መርዶ ሊነግሩኝ። እኔ ጥቁር ልብሴን ለብሼ በር ላይ ተቀምጬ ነው የጠበቅኳቸው። ማን እንደሚጀምር ግራ ገባቸው።

ሰኞ ወደ ጎንደር ተነሳሁ። ጋሼ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠውልኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ትቼው በአውቶቡስ ሄድኩ። «አሁን ለምኔ ነው?» አልኳቸው። ይህች ነበረች ለብዙ ዓመታት የነገርኳቸው የመጨረሻ ቃል።

መንገዱ ሁለት ቀን ነበር ያኔ። በማለዳ ከአውቶቡስ ተራ ተነስተን እንጦጦን ስንሻገር ሱሉልታ ሜዳው ውኃ ተኝቶበት፣ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ሣር ውስጥ ቆመው ነበር። ጎሃ ጽዮን ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ በላ። እኔ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይዤ መላጥ አቃተኝ። ከዚያ ዓባይ በረሃ ወረድን፤ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ፣ የፍሬኑ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ዝንጀሮዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ድልድዩን ስንሻገር ሁሉም በመስኮት ወደ ውኃው አየ። ደጀን ላይ ብርዱ ተመለሰ። ማርቆስ አደርን። በማግስቱ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳር፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን። የእያንዳንዱን ከተማ ስም አንብቤ ረሳሁት፤ ለአንድ ቀን ብቻ። በማግስቱ ዳግም እንዳልረሳቸው ሆነው ተመለሱብኝ።

እማማ ዘውዴ የአባቴን ቤት ቁልፍ ይዘው ቆይተዋል። ስፌት መኪናው በአንሶላ ተሸፍኗል። ለቅሶው ትንሽ በረድ ሲል፣ እንግዶቹ ወጣ ሲሉ፣ አጠገቤ ተቀመጡና፦

«ለመሆኑ መኪናው ምን ሆኖባችሁ ነው?» አሉኝ።

«የቱ መኪና?»

«ያን ጊዜ የተነሳሽበት። አባትሽ የጠበቀሽ ጊዜ።»

አልገባኝም አልኳቸው። እርሳቸውም የማውቀው መስሏቸው ሁሉንም ነገሩኝ። አባቴ ምላሱ ከብዶት ነበር፤ ስሜን ግን ይጠራ ነበር። ጋሼ ረቡዕ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የጠየቃቸው እኔን ነው። «ሙሉስ?» ጋሼም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «ዛሬ ጠዋት በአውቶቡስ ተነስታለች፤ ነገ ማታ ትደርሳለች» አሉት። አባቴ ያን መንገድ በወጣትነቱ ስንት ጊዜ ተመላልሶበታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አብሮኝ ተጓዘ። «አሁን የት ደረሰች?» ይላል። ጋሼ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ «ዓባይን ተሻግራለች» ይሉታል። ትንሽ ይተኛል። «አሁንስ?» «ማርቆስ ገብታለች፤ ታድራለች።» እማማ ዘውዴ እንዳሉኝ ያን ጊዜ ደስ ብሎት ጥቂት አጥሚት ጠጣ። ሐሙስ ጠዋት ገና ዐይኑን ሲገልጥ «ተነሱ?» አለ። ቡሬ። ዳንግላ። እኩለ ቀን ላይ ባሕር ዳር። እርሳቸው እማማ ዘውዴም አምነው፣ እኔ የምተኛበትን መደብ አነጠፉ፤ ዶሮ አስያዙ።

«ወረታ ደርሳለች ሲሉት ነው ያለፈው» አሉኝ። «ሁለት ሰዓት መንገድ ሲቀረው።»

እኔ በዚያች ሰዓት ፈረንሳይ፣ ሳሎን ውስጥ፣ የትምህርት ሥነ ልቡና ደብተሬን ከፍቼ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ከአባቴ አንድ ሰዓት ርቄ። ጋሼ የመኪናውን ሁለት ቀን ለአባቴ ሰጡት፤ የአውሮፕላኑን አንድ ሰዓት ለራሳቸው ያዙት። ለእኔ ደግሞ ምንም አልሰጡኝም፤ ናዝሬት ነው ያሉኝ።

ከጎንደር ስመለስ ዕቃዬን ይዤ ከቤታቸው ወጣሁ፤ ኮተቤ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራየሁ። ዲፕሎማዬን ስቀበል ጋሼ አበባ ይዘው መጥተው ከሰው ኋላ ቆመው አየኋቸው። አልሄድኩም ወደ እርሳቸው። ዓመታት ሲያልፉ በዓል በዓል ላይ መጠያየቅ ጀመርን፤ ሲታመሙ አስታመምኳቸው፤ «አንቱ» ማለቱንም መለስኩት። ነገሩን አንድ ጊዜ ብቻ አንስቼባቸዋለሁ። ሰማንያ አልፏቸው ነበር። «መምህር ሆንሽ አይደል?» አሉኝ፤ ግራ ተጋብተው፣ ከልባቸው። ምን እንደምጠይቃቸው ራሱ አልገባቸውም። ከሦስት ዓመት በፊት አረፉ። ለቅሶው ላይ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «አይዞሽ፣ አባትሽን ነው ያጣሽው» አሉኝ። እጄን ቀስ ብዬ ከእጃቸው አወጣሁ።

አያት ያለችው ጎረቤቴ የጸሎት ሰው ናት፤ ይህን ታሪክ ታውቃለች። ይቅር እንድል በስሜ ትጸልይልኛለች፤ አልከለክላትም። እኔ ግን ስለ ይቅርታ የማውቀው ትንሽ ነው። ሰው እንዳይጎዳ ብለን እውነቱን ስንደብቀው የምናስቀርለት ሐዘኑን ብቻ አይደለም፤ አብሮ የመሆን ዕድሉንም ነው የምንወስድበት። ያንን ማንም መልሶ አይሰጠውም። በእኔ ቤት ክፉ ወሬ ይዞ አይታደርም፤ ፈተናም ይሁን ሠርግ፣ ለባለቤቱ ወዲያው ይነገራል። ጨካኝ ናት ይሉኛል። ይበሉኝ። የሚያስለቅሰኝን ነገር የማወቅ መብቱ የእኔ ነበር።

ንዴቴ እንደሚያስረጀኝም ይነግሩኛል። ይሆናል። ግን አባቴ በዚያ አልጋ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከተማ በከተማ ጠብቆኛል። ሠላሳ ዓመት ብቆጣለት አይበዛበትም።